የቃፊር ቃል

ልጆች ሆይ፥ ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ገበሬ ልጁን ጠርቶ፥ «ልጄ፥ ወደ ታችኛው ማሳ ውረድና ከብት ገብቶበት እንደ ሆነ አይተህ ንገረኝ» አለው። ልጁም «እሺ አባባ» ብሎ ሄደ። ነገር ግን በመንገድ ላይ ባልንጀሮቹን ሲጫወቱ አገኛቸውና ከነርሱ ጋር ቈየ። ፀሐይም ስትጠልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቱ «ምን አየህ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «ምንም የለም፤ ማሳው ደኅና ነው» ብሎ መለሰ። በማግሥቱ ገበሬው ወደ ማሳው ቢወርድ፥ የጎረቤት በሬዎች ሌሊቱን ሲበሉትና ሲረግጡት አድረው የጤፉ እኩሌታ ጠፍቶ አገኘው።

ይህ ልጅ በሬዎቹን ወደ ማሳው አልነዳቸውም። ጥፋቱ ያላየውን አየሁ ማለቱ ነው። አባቱ ግን ያንን ቃል አምኖ ተኛ። ልጁ «አልሄድሁም፤ አላየሁም» ቢል ኖሮ፥ ምናልባት ተግሣጽ ያገኘው ነበር፤ ነገር ግን አባቱ ራሱ ይወርድ ነበር፤ እህሉም ይድን ነበር።

በዚህ ትምህርት ሥራቸው አይቶ መናገር ስለ ሆነ ወታደሮች እናነባለን። የእነዚህ ሰዎች ቃል ቢሳሳት የሚጠፋው ጤፍ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው።

1. ቃፊር ማን ነው?

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ጦር ሲዘምት፥ ከዋናው ሠራዊት ፊት ጥቂት ሰዎች ቀድመው ይሄዱ ነበር። እነርሱም ቃፊር ይባሉ ነበር። ሥራቸውም ጠላት የት እንደ ሰፈረ፥ ቍጥሩም ስንት እንደ ሆነ፥ ውሃና መንገድ በየት በኩል እንዳለ አይተው ለአለቃቸው መንገር ነበር። ሠራዊቱ ብዙ ቢሆንም ዓይኑ እነዚህ ጥቂቶች ነበሩ።

በሌሎችም አገሮች እንዲህ ያለ ሥራ ነበረ። እንግሊዞች ፈረሰኞቻቸውን በሁለት ይከፍሉ ነበር። ከባድ ፈረሰኛ የሚባለው በትልልቅ ፈረሶች ተቀምጦ የጠላትን ሰልፍ የሚሰብር ነበር። ቀላል ፈረሰኛ የሚባለው ግን ፈጣን ፈረስ ይዞ አገሩን የሚቃኝና ወሬ የሚያመጣ ነበር። «ቀላል» ማለትም ክብሩ የቀለለ ማለት አይደለም፤ ሸክሙ የቀለለ፥ እርምጃው የፈጠነ ማለት ነው።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የቃፊርም ነገር እንዲሁ ነው። ፈረሱ ካሰበበት ስፍራ ያደርሰዋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን የሚሠራው ዓይኑ ነው፤ ከዓይኑም ቀጥሎ ምላሱ ነው።

2. አርሶ አደሮቹ ፈረሰኞች

ከዚህ በታች የምናነባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

በ1793 ዓመት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ተነሣ። እንግሊዞችም ፈረንሳዮች ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ይወርዱብናል ብለው ሠጉ። ስለዚህ በ1794 ዓመት በየአውራጃው ፈቃደኞች ፈረሰኞች እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ከገቡትም ብዙዎቹ የራሳቸውን ፈረስ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎችና ባለርስቶች ነበሩ። በእንግሊዝኛ ባለርስት ገበሬ ዮማን ይባላል፤ ከዚህም የተነሣ ጦሩ ዮማንሪ ተባለ። እነዚህ ሰዎች በሥራ ቀን እርሻቸውን ያርሳሉ፥ እህላቸውን ያጭዳሉ፤ በተቀጠረው ቀን ግን ፈረሳቸውን ጭነው ሰልፍ ይማራሉ።

የተፈራውም ነገር መጣ። በ1797 ዓመት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1400 የሚያህሉ ወታደሮች ከፈረንሳይ መርከቦች በዌልስ አገር፥ ፊሽጋርድ በምትባል ወደብ አጠገብ ወረዱ። የአገሩ ፈቃደኞች ፈረሰኞችም ከሌሎች ወታደሮች ጋር ተሰብስበው ወጡባቸው። ጠላቶቹም ከሁለት ቀን በኋላ መሣሪያቸውን አስረከቡ። በ1853 ዓመት የፔምብሮክ ፈረሰኞች «ፊሽጋርድ» የሚለውን ስም የጦር ሜዳ ክብራቸው አድርገው እንዲይዙ ተፈቀደላቸው።

በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚተረክ ነገር አለ። የዌልስ ሴቶች በዚያ ጊዜ ቀይ ካባ ይለብሱ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮችም ቀይ ኮት ነበራቸው። ሴቶቹ በኮረብታው ላይ ተሰብስበው ሲቆሙ፥ ጠላት ከሩቅ አይቷቸው ብዙ ጦር የመጣበት መሰለው ይባላል። ልጆች ሆይ፥ ይህን ተረክ ልብ በሉት። ከሩቅ ቀይ ነገር ማየት አንድ ነው፤ ወታደር ማየት ሌላ ነው። ሁለቱን የማይለይ ቃፊር የራሱን ሠራዊት ያስፈራል፥ ወይም ያስገድላል።

3. ፈረሱ መኪና ሆነ

የፈረስ ዘመን ቶሎ አላለቀም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፥ በ1940 ዓመት እንኳ፥ ከእነዚህ ፈቃደኞች አያሌዎቹ ከነፈረሶቻቸው ወደ ፍልስጥኤም ተልከው ነበር። በኋላ ግን ፈረሱ ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ ብረት ለበስ መኪናና ታንክ ተተካ። የፈረሰኛነቱ ስም ግን አልቀረም።

ዛሬ በብሪታንያ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ሬጅመንቶች አንዱ በ1967 ዓመት የተቋቋመው ሮያል ዮማንሪ ነው። ሌላው በ1971 ዓመት የተቋቋመው ኩዊንስ ኦውን ዮማንሪ ነው። ሬጅመንት ማለት በአንድ ከፍተኛ አለቃ ሥር ያሉ የብዙ ሻምበሎች ጉባኤ ነው። ሻምበሎቹ ግን በአንድ ሰፈር አይኖሩም፤ ወታደሮቹ ከቤታቸው ሳይርቁ እንዲማሩ በልዩ ልዩ ከተማዎች ተከፍለው ይገኛሉ።

ቀላል ፈረሰኞች ከሚጠቀሙባቸው መኪናዎች አንዱ ጃካል ይባላል፤ ትርጓሜውም ቀበሮ ማለት ነው። አራት ጎማ አለው፤ ጣራ ግን የለውም። አንዱ ወታደር ይነዳል፤ አንዱ በመትረየሱ ዘንድ ይቆማል፤ አንዱም አዛዥ ሆኖ ካርታውን ይመለከታል፥ በራዲዮም ይነጋገራል። ጣራ የሌለው መሆኑ ዙሪያውን ለማየትና ድምፅን ለመስማት ይረዳል። ዝናብ ሲዘንብ ዝናቡ ይመታቸዋል፤ ብርድ ሲሆን ብርዱ ይቈርጣቸዋል፤ ነገር ግን ዓይናቸውና ጆሯቸው አይጋረድም። ጃካል እንደ ታንክ ወፍራም ብረት አልለበሰም። ስለዚህ መከታው ፍጥነቱና መደበቁ ነው።

ቃፊሮቹ ወደ ኮረብታ በቀረቡ ጊዜ መኪናውን ከኮረብታው በስተኋላ ይሠውሩታል። ከዚያም አንዳንዶቹ ወርደው በደረታቸው እየተሳቡ ይወጣሉ። በኮረብታው ጫፍ ላይ ግን አይቆሙም፤ በዚያ የቆመ ሰው ሰማዩ ከኋላው ሆኖ ከሩቅ ይታያልና። ከቍጥቋጦ ወይም ከድንጋይ ሥር ተኝተው በመነጽር ይመለከታሉ። አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ይቈያሉ። እንግዲህ የዚህ ሥራ ትልቁ ድካም መተኰስ አይደለም፤ መታገሥ ነው።

4. በሁለት ሥራ የሚኖር ሰው

እነዚህ ወታደሮች ዘወትር በሰፈር የሚኖሩ አይደሉም። ጦሩ ተጠባባቂ ጦር ይባላል። በ1908 ዓመት የየአገሩ ፈቃደኞች በአንድ ሥርዓት ተደራጁ፤ በ2014 ዓመት ደግሞ ያ ጦር የዛሬውን ስም አገኘ። ወታደሮቹ በሥራ ቀን አስተማሪ፥ አናጢ፥ ነጋዴ፥ ሐኪም፥ መኪና ነጂ፥ ወይም ተማሪ ናቸው። ከ2016 ዓመት ጀምሮ ሴቶችም በዚህ የፈረሰኛ ሥራ ይገባሉ።

ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ማታ ተሰብስበው ይማራሉ። አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በዓመት አንድ ጊዜም ሁለት ሳምንት ያህል በተከታታይ ይለማመዳሉ። በእንዲህ ያለ ሬጅመንት የሚያገለግል ሰው በዓመት ከ27 ቀን ያላነሰ እንዲያገለግል ይጠበቅበታል። ለሠራበት ቀን ደመወዝ ይቀበላል፤ ግዴታውንም በሚገባ ለፈጸመ በዓመቱ መጨረሻ የገንዘብ ስጦታ ይጨመርለታል። ነገር ግን ለገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በክረምት ሌሊት በጭቃ ላይ ለመተኛት የሚወጣው ሰው ጥቂት ይሆን ነበር።

በጦርነት ጊዜ እነዚህ ሰዎች በሕግ ተጠርተው ሊዘምቱ ይችላሉ። በ2003 ዓመት ከሮያል ዮማንሪ ወታደሮች ተጠርተው ወደ ኢራቅ ዘምተዋል። በዚያ የተሰጣቸው ሥራ የመርዝ መሣሪያ በአየር ወይም በምድር ላይ መኖር አለመኖሩን መመርመር ነበር። ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አስቡ። መርማሪው «መርዝ የለም» ሲል ሌላው ወታደር ቃሉን አምኖ ከፊቱ ጭምብሉን ያወልቃል። ቃሉ ሳይመረመር የተነገረ ቢሆን፥ ያ ወታደር ሊሞት ይችላል። ባለፈው ወር ሱቁን ይጠብቅ የነበረው ሰው አሁን የባልንጀራውን ትንፋሽ ይጠብቃል።

5. ሦስቱ ቃላት

ቃፊር ያየውን ሲናገር ለነዚህ ጥያቄዎች ይመልሳል። ምን አየህ? ስንት ነው? የት ነው? መቼ አየኸው? ምን ሲያደርግ ነበር? «ብዙ ጠላት በዚያ በኩል አለ» የሚል ቃል አይጠቅምም። «ብዙ» ለአንዱ አሥር ነው፤ ለሌላው ሺህ ነው። «በዚያ በኩል» የሚለውም ከተናጋሪው ጋር ላልቆመ ሰው ምንም አይደለም።

ከዚህም በላይ ቃፊር ሦስት ቃላትን መለየት አለበት። ሦስቱም «አየሁ»፥ «ይመስለኛል»፥ «አላውቅም» የሚሉት ናቸው። «ከድልድዩ አጠገብ ሦስት መኪናዎች አየሁ» ይላል፤ ይህ ዓይኑ ያመጣው ነው። «ድልድዩን ሊያፈርሱት ይመስለኛል» ይላል፤ ይህ አሳቡ የጨመረው ነው። «ከጫካው በስተኋላ ያለውን አላውቅም» ይላል፤ ይህ ዓይኑ ያልደረሰበት ነው። አለቃው ሦስቱን ለይቶ ከሰማ መልካም ምክር ይመክራል። ሦስቱ ከተደባለቁበት ግን፥ ጤፍና እንክርዳድ እንደ ተቀላቀለበት ባለወፍጮ ይሆናል።

ከሦስቱ ቃላት ለመናገር የሚከብደው የትኛው ይመስላችኋል? «አላውቅም» የሚለው ነው። ሰው ባለማወቁ ያፍራልና። ነገር ግን ይህን ቃል ያልተማረ ሰው ለቃፊርነት አይበቃም።

6. በመስኮት የታየው ነገር

አሁን የምናነበው የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ሆኖም የአንድን ጦር ክብር አንብበን ነውሩን ብንዘለል እኛም እውነተኞች አንሆንም።

በ1819 ዓመት ኦገስት 16 ቀን በማንቸስተር ከተማ፥ የቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ በሚባል ስፍራ፥ 60,000 የሚያህል ሕዝብ ተሰበሰበ። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። የመጡትም በፓርላማ እንደራሴ እንዲኖራቸው ለመጠየቅ ነው እንጂ ለጦርነት አልነበረም። የከተማው ዳኞች በሜዳው አጠገብ ካለ ቤት ሆነው በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ዋናውን ተናጋሪ ለማስያዝ ፈልገው የማንቸስተርን ፈቃደኞች ፈረሰኞች አስጠሩ። እነዚህም ብዙዎቹ የከተማው ነጋዴዎችና ባለሱቆች ነበሩ፤ እንዲህ ላለው ሥራ ግን የበቃ ትምህርት አልነበራቸውም።

ገና ወደ ሜዳው ሲመጡ ከነርሱ አንዱ ፈረሱን ሲያስጋልብ እናቱ የታቀፈችው የሁለት ዓመት ሕፃን ወድቆ ሞተ። ከዚያም ፈረሰኞቹ በሕዝቡ መካከል ገቡና መውጫ አጡ። ሰይፋቸውንም በሕዝቡ ላይ አነሡ። መደበኛው የጦር ፈረሰኛ በደረሰ ጊዜ አለቃው ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ከዳኞቹም አንዱ፥ ሕዝቡ ፈረሰኞቹን እየመታ ነውና ጉባኤው ይበተን ብሎ ነገረው። መደበኛውም ጦር ገባ። በዚያ ቀን 18 የሚያህሉ ሰዎች ለሞት ተዳረጉ፤ በመቶ የሚቈጠሩም ቈሰሉ።

ዳኛው በመስኮት ያየው ፈረስና ሰይፍ፥ አቧራና የሚሮጥ ሕዝብ ነበር። ማን ማንን እንደሚመታ ግን ፍርሃቱ ነገረው። «ይመስለኛል» ማለት የሚገባውን «አየሁ» አለ፤ በዚያ ቃል ሰው ሞተ። የፊሽጋርድ ፈረሰኞች በጠላት ላይ ያገኙትን ክብር፥ የማንቸስተር ፈረሰኞች በጎረቤቶቻቸው ላይ አጡት። በማንቸስተር ከተማ ለሞቱት ሰዎች የድንጋይ መታሰቢያ በ2019 ዓመት ተሠርቶላቸዋል።

7. ከኮረብታና ከሸለቆ

ሌላ ታሪክ ደግሞ እንጨምር። እነዚህ ፈቃደኞች አልነበሩም፤ መደበኛ ቀላል ፈረሰኞች ነበሩ። ነገሩ የሆነው በ1854 ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን በክሪሚያ አገር፥ ባላክላቫ በሚባል ስፍራ ነው። እንግሊዞች ከሩስያ ጋር ይዋጉ ነበር። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሎርድ ራግላን በከፍተኛ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሳለ፥ ሩስያዎች የማረኳቸውን መድፎች ሊወስዱ ሲሉ አየ። ፈረሰኞቹም ፈጥነው ወደ ፊት ሄደው መድፎቹ እንዳይወሰዱ እንዲከለክሉ የሚል ትእዛዝ አስጽፎ ላከ።

የፈረሰኞቹ አለቃ ሎርድ ሉካን ግን በሸለቆ ውስጥ ነበረ። አለቃው ከኮረብታ ያያቸው መድፎች ለእርሱ አይታዩትም ነበር። «የትኞቹ መድፎች?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ትእዛዙን ያመጣው ካፒቴን ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው ዘረጋ። በዚያ ሸለቆ መጨረሻ ግን ሌሎች የሩስያ መድፎች ተሰልፈው ነበር፤ በግራና በቀኝም ጠላት ነበረ። 670 የሚያህሉ ፈረሰኞችም በዚያ ሸለቆ ጋለቡ። 110 የሚያህሉ ሞቱ፤ ከዚያም የሚበልጡ ቈሰሉ። መልእክቱን ያመጣው ካፒቴን ኖላንም በመጀመሪያ ከወደቁት አንዱ ሆነ።

በዚህ ታሪክ የዋሸ ሰው የለም። ሁሉም ደፋሮች ነበሩ። ነገር ግን ከኮረብታ የታየው ነገር በሸለቆ ላለው ሰው ተለይቶ አልተነገረውም። ስለዚህ ቃል እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለሰሚው የተገለጠ መሆን አለበት። ድፍረትም የጐደለውን ቃል አይሞላም።

8. የአናጢው ሌሊት

አሁን ደግሞ ለትምህርት ያህል አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ወጣት እንግሊዛዊ አናጢ በተጠባባቂው ቀላል ፈረሰኛ ጦር ያገለግላል እንበል። ዓርብ ማታ መጋዙንና መዶሻውን አስቀምጦ የወታደር ልብሱን ለበሰ፤ ከባልንጀሮቹም ጋር በሶልዝበሪ ወዳለው ሰፊ የጦር መለማመጃ ሜዳ ሄደ። ልምምዱ እንዲህ ነበረ፤ አንዱ ወገን እንደ ጠላት ሆኖ ይደበቃል፤ ሌላው ወገን እርሱን ይፈልጋል።

ቅዳሜ ሌሊት አናጢው ከቍጥቋጦ ሥር ተኝቶ አንዲት መንገድ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ተራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነበረ። ባልንጀራው ተራውን ጨርሶ ከጎኑ ተኝቷል። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉም ሲሠራ ሰንብቶ ነበር። 8 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ያወቀው ነገር ቢኖር የዝናብ ጠብታ ፊቱን ሲመታው መንቃቱን ነው። ሰዓቱን ቢያይ 8 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ሆኗል።

ልቡ መታ። መንገዱን ተመለከተ፤ ጸጥ ብሏል። በልቡም እንዲህ አለ፤ «ማንም አላየኝም። ምናልባት ምንም አላለፈም። ደግሞስ ይህ ልምምድ ነው፤ የሚሞት ሰው የለም።» እስከ 10 ሰዓትም ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጠበቀ፤ ነገር ግን ከመንገዱ ይልቅ ያ አሳብ ያደክመው ነበር።

ሲነጋ የመቶ አለቃው መጥቶ፥ «በመንገዱ ላይ ምን አየህ?» ብሎ ጠየቀው። አናጢውም ቆሞ እንዲህ አለ፤ «ጌታዬ፥ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ምንም አላለፈም። ከ8 ሰዓት እስከ 8 ከ30 ያለውን አላውቅም፤ ተኝቼ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ምንም አላየሁም።» ባልንጀሮቹ ሁሉ ዝም አሉ። የመቶ አለቃውም፥ «በጥበቃ ላይ መተኛት ከባድ ጥፋት ነው፤ ቅጣትህን ትቀበላለህ» አለው። ወዲያውም ሁለት ሰዎች ልኮ መንገዱን አስመረመረ። እነርሱም በጭቃው ላይ የከባድ ጎማ ፈለግ አገኙ፤ ፈለጉም ሠራዊቱ በማለዳ ሊያልፍበት ወደ ነበረው ጫካ ይገባ ነበር። ሠራዊቱም መንገዱን ለወጠ።

አናጢው ቅጣቱን ተቀበለ፤ ባልንጀሮቹ ሲያርፉ እርሱ መኪናዎቹን ሲያጥብ ዋለ። ማታ ግን የመቶ አለቃው ያንኑ የጥበቃ ስፍራ እንደ ገና ለርሱ ሰጠው። አንዱም ወታደር ገርሞት፥ «ጌታዬ፥ ትናንት ለተኛው ሰው ነውን?» አለ። የመቶ አለቃውም፥ «አዎን። በራሱ ላይ እውነት የተናገረ ሰው ስለ ጠላት ሲነግረኝ አምነዋለሁ። ዛሬ ደግሞ አይተኛም» አለው። እንዳለውም ሳይተኛ አደረ።

ሰኞ ጧት አናጢው ወደ ሥራው ተመለሰ። ጌታው ከሩቅ ሆኖ፥ «ያን ሳንቃ ለክተኸዋል?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም «አልለካሁትም፤ አሁን እለካዋለሁ» አለ።

9. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ወታደር አትሆኑም። ነገር ግን በየቀኑ ቃፊር ትሆናላችሁ። እናታችሁ «እሳቱ ጠፍቷልን? አይታችሁ ኑ» ትላለች። አስተማሪያችሁ «መስኰቱን ማን ሰበረው?» ይላል። ባልንጀራችሁ ተጣልቶ ሲመጣ «ማን ጀመረው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ያልነበራችሁበትንም ነገር ለሌላው ታወራላችሁ። በዚያን ጊዜ ሦስቱን ቃላት አስቡ። ያያችሁትን «አየሁ» በሉ። ያሰባችሁትን «ይመስለኛል» በሉ። ያልደረሳችሁበትን «አላውቅም» በሉ።

ደግሞም ሰው ሳያያችሁ ለመሥራት ተለማመዱ። ያ አናጢ በሌሊት ብቻውን ነበረ፤ አስገድዶ ያናገረው ሰው አልነበረም። ትንሹን ነገር በልምምድ ቀን በእውነት የሚናገር፥ ትልቁን ነገር በመከራ ቀን በእውነት ይናገራል። ዛሬ በጤፍ ማሳ የሚዋሽ ልጅ ግን ነገ ትልቅ አደራ ሲሰጠው አዲስ ምላስ አያገኝም።

ያ የገበሬው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ጤፉ እንደ ጠፋ ባየ ጊዜ አልቅሶ፥ «አባባ፥ ትናንት አልወረድሁም» አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን ለዚያ ማሳ አንድ ሌሊት ዘግይቶ ጠራ። እናንተ ግን በሬዎቹ ሳይገቡ፥ በዚያው ማታ ተናገሩ።

ጥያቄ

1. ቃፊር ማለት ምን ማለት ነው? ሥራውስ ምንድር ነው?
2. በ1794 ዓመት በእንግሊዝ አገር ፈቃደኞች ፈረሰኞች ስለ ምን ተሰበሰቡ?
3. ቃፊር ሊለያቸው የሚገቡ ሦስት ቃላት የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዳቸው ከራሳችሁ ምሳሌ ስጡ።
4. በማንቸስተር የነበረው ዳኛ «አየሁ» ባለው ነገር ላይ ስሕተቱ ምን ነበር?
5. በባላክላቫ ማንም ሳይዋሽ ብዙ ሰው ስለ ምን ሞተ?
6. የመቶ አለቃው ያንኑ አናጢ እንደ ገና ለጥበቃ ያቆመው ስለ ምንድር ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?